ዕውቀትን ለባለቤቱ ስለ መመለስ
የሌላውን ድርሰት የራስ አድርጎ ከማቅረብ ስለ መራቅ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተሰጠ ምክር

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።

ምስጋና ሁሉ ሰውን በብዕር ላስተማረው፣ ያላወቀውንም ላሳወቀው ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በታማኙ መልእክተኛ በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ! በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባለው በምዕራብ ጎጃም ገጠር የምትኖር፣ በንግድ ሐላል እንጀራህን የምትፈልግ፣ ልጆችህንም ለዲንና ለዱንያ ዕውቀት የምታሳድግ ወንድሜ ሆይ! አንቺም ልጆችሽን በማለዳ ቀስቅሰሽ ወደ ቁርኣን ቤትና ወደ ትምህርት ቤት የምትሰጂ እኅቴ ሆይ! ይህችን አጭር ምክር በልቡና ጆሮ ስሙ። የምንናገረው ብዙ ሰው እንደ ቀላል ስለሚያየው ስለ አንድ ሌብነት ነው። የገንዘብ ሌባ ሲያዝ ያፍራል፤ ሰውም ይሸሸዋል። የሌላውን ሰው ድርሰትና ድካም ሰርቆ በስሙ የሚያቀርብ ተማሪ ግን ማርክ ይሰጠዋል፣ ይመረቃል፣ ዘመዶቹም ድግስ ይደግሱለታል። በደል ምስጋና ሲያስገኝ ከማየት የበለጠ ለልብ አደገኛ ነገር ጥቂት ነው።

የነገሩ ምንነት

ዕወቅ! ተማሪ በመምህሩ ታዝዞ የሚያስረክበው ጽሑፍ ሁለት ምስክርነት ይሰጣል። አንደኛው «ይህን ያሰብሁትና የተናገርሁት እኔ ነኝ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ለዚህ ሥራ የደከምሁት እኔ ነኝ» የሚል ነው። ስሙን በወረቀቱ ራስጌ ላይ በጻፈ ጊዜ ይህን ምስክርነት በፊርማው አጸና ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የሌላ ሰው ሆኖ ባለቤቱ ካልተጠቀሰ፣ ድካሙም የሌላ ከሆነ፣ ያ ወረቀት የሐሰት ምስክር ሆነ።

ይህም በደል ብዙ መልክ አለው። አንዱ ተማሪ ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት ገጽ ያገኘውን እንዳለ ይገለብጣል። ሌላው የጓደኛውን አሳይመንት ወስዶ ስሙን ብቻ ይለውጣል። ሦስተኛው ገንዘብ ከፍሎ በሌላ ሰው እጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ያሠራል። አራተኛው የሌላውን ዐረፍተ ነገር ወስዶ ጥቂት ቃላት እየለዋወጠ «የራሴ ነው» ይላል። አምስተኛው ያላነበበውን መጽሐፍ እንዳነበበ አድርጎ ይጠቅሳል። ስድስተኛው በዘመናችን የመጣ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን መሣሪያ በስልኩ ጠይቆ፣ የመለሰለትን ድርሰት በስሙ ያስረክባል።

ነገር ግን ከሌላ ሰው መማር ነውር መስሎህ ከመጽሐፍ እንዳትርቅ። ዕውቀት ሁሉ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የመጣ ነው፤ ከእናቱ ማሕፀን ዐዋቂ ሆኖ የወጣ የለም። የሌላውን ቃል መጥቀስ መልካም ሥራ ነው፤ ኀጢአቱ ባለቤቱን መደበቅ ነው። በበር አንኳኩቶ የገባ እንግዳ ይባላል፤ በአጥር ዘሎ የገባ ግን ሌባ ይባላል። ሁለቱም ከአንድ ቤት ገብተዋል፤ አገባባቸው ግን ለያያቸው።

የሀገራችንም ሕግ ይህንኑ ያውቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቅሱ ከተገቢው መጠን እንዳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲውም ስም እንዲገለጥ ያዛል። ይሁን እንጂ ልብ በል፤ የሕግ ጥበቃ የዘመን ገደብ አለው፤ አማና ግን ገደብ የለውም። ደራሲው ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ቢሆነውም፣ የሚከስህ ወራሽ ባይኖረውም፣ ቃሉ የእርሱ ነውና ስሙን ልትጠራለት ይገባሃል። አላህ በሱረቱ ን-ኒሳእ አደራን ለባለቤቶቿ እንድንመልስ ሲያዝ፣ የገንዘብን አደራ ብቻ ለይቶ አልተናገረም።

ነጋዴ ሆይ! ይህን በሚዛንህ መዝነው

አንተ የቡሬን በርበሬ ከገበሬው ተቀብለህ ወደ ሩቅ ገበያ የምትልክ፣ ጤፍና በቆሎም የምትሸጥ ነጋዴ ሆይ! ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲቀራ ስትሰማ ልብህ ይሸበራል፤ ለራሳቸው ሲሰፍሩ የሚያሟሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉ ሰዎች የተወቀሱበት ሱራ ነውና። ስለዚህም ሚዛንህን ታስተካክላለህ። እንግዲህ ንገረኝ፤ ልጅህ በትምህርት ቤት የሌላውን ድካም በራሱ ሚዛን ላይ ሲያኖር ለምን ዝም ትላለህ?

ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን በጠየቁት ጊዜ ዝናብ እንደ መታው ነገራቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ገለጡ። ይህን ሀዲስ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ሰውየው እህሉን አልሰረቀም፤ ሚዛንም አላጎደለም፤ ጥፋቱ ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ የሆነ ክምር ለገዢ ማቅረቡ ነው። የተኮረጀ ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ ላዩ የዐዋቂ ቃል ነው፤ መምህሩ እጁን አግብቶ «ይህ ቃል ትርጓሜው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን እርጥቡ ይወጣል።

በዐረብኛ «ተድሊስ» የሚባል ቃል አለ። በንግድ ተድሊስ ማለት የዕቃን ነውር ከገዢ መሰወር ነው። የሀዲስ ሊቃውንት ይህንኑ ቃል ከገበያ ወደ ዕውቀት ቤት አምጥተው፣ ወሬውን ከማን እንደ ሰማ ደብቆ ከበላዩ ካለው ሰው የሰማ የሚያስመስለውን ሰው ሥራ ተድሊስ ብለው ጠሩት። ስለዚህ ለእነዚያ ሊቃውንት ምንጭን መሰወር በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ከመጨመር የራቀ አልነበረም።

ደግሞም በሁለቱ ሰሒሖች፣ በቡኻሪና በሙስሊም፣ በአስማእ የአቡ በክር ልጅ በኩል እንደ ተላለፈው፣ ነቢያችን ያልተሰጠውን እንደ ተሰጠው ሆኖ የሚታየውን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ በለበሰ ሰው መስለውታል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራንም ባልሠሩት ሥራ መመስገንን የሚወዱ ሰዎች ከቅጣት የሚድኑ እንዳይመስላቸው አላህ አስጠንቅቋል። ባልጻፈው ጽሑፍ የሚመሰገን ተማሪ ከዚህ ማስጠንቀቂያ ውጭ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

ዑለማዎች ቃልን ለባለቤቱ እንዴት እንደ መለሱ

አንባቢ ሆይ! «ምንጭ መጥቀስ የፈረንጅ ትምህርት ቤት ሥርዐት ነው» የሚል ሰው ብትሰማ አትመነው። የእስልምና ዕውቀት የቆመው በዚሁ ሥርዐት ላይ ነው፤ ስሙም ኢስናድ ይባላል። በ256 ዓመተ ሂጅራ (870 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢማም አል-ቡኻሪ የመጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ሀዲስ፣ ሥራ ሁሉ በኒያ መሆኑን የሚያስረዳውን፣ ሲጽፉ «ነቢዩ ተናገሩ» ብለው ወዲያው አልጀመሩም። ከአል-ሑመይዲ መስማታቸውን፣ እርሱ ከሱፍያን፣ ሱፍያን ከየሕያ ኢብን ሰዒድ፣ የሕያ ከሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም አት-ተይሚ፣ እርሱ ከዐልቀማ ኢብን ወቃስ፣ ዐልቀማም ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ መስማቱን በተራ ዘረዘሩ። ስለ አንድ አጭር ቃል ስድስት ሰዎች በስማቸው ተጠሩ፤ አንዱም ድካሙ አልተቀማም።

በዚህ ጥንቃቄ ምክንያት የሀዲስ መርማሪዎች ለሌባው የተለየ ስም አወጡ። አንድ ዘጋቢ ብቻ የሚያስተላልፈውን ሀዲስ ሌላው ሳይሰማው «እኔም ሰምቻለሁ» ቢል፣ «ሀዲስ ይሰርቃል» ብለው በመዝገባቸው ይጽፉበት ነበር። ይህም ቃል ከተጻፈበት በኋላ ወሬው ሁሉ ይጣላል፤ እውነት የተናገረው እንኳ አይታመንም ነበር። የቃል ሌብነት ፍሬው ይህ ነው፤ የሰረቅኸው አንድ ገጽ ሲሆን፣ የምታጣው ግን የራስህን ገጽ ሁሉ ነው።

በ671 ዓመተ ሂጅራ (1273 እ.ኤ.አ.) ያረፉት አል-ቁርጡቢም ታላቁን የቁርኣን ተፍሲራቸውን ሲጀምሩ፣ ቃልን ሁሉ ለተናጋሪው፣ ሀዲስንም ለዘጋቢው ሊያስጠጉ በራሳቸው ላይ ግዴታ አደረጉ፤ ቃልን ለባለቤቱ ማስጠጋት የዕውቀት በረከት እንደ ሆነም አስረዱ። ጃላሉዲን አስ-ሱዩጢም ይህንኑ ያጸኑ ነበሩ፤ ደራሲንና ሌባን ስለ መለየትም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈዋል።

ስለ እኒህ ስለ ሱዩጢ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚተርኩትን ስማ። በዘመናቸው አል-ቀስጠላኒ የሚባሉ፣ የቡኻሪንም መጽሐፍ ያብራሩ ትልቅ ዐሊም በካይሮ ነበሩ። ሱዩጢ «አል-መዋሂብ አል-ለዱንያ በተባለው ኪታባቸው ከመጻሕፍቶቼ ወስደው እኔን ሳይጠቅሱ ቀርተዋል» ሲሉ በሸይኹል ኢስላም ዘከሪያ አል-አንሷሪ ፊት ከሰሱ። ማስረጃ በተጠየቁ ጊዜ፣ አል-ቀስጠላኒ ከአል-በይሀቂ እንደ ወሰዱ አድርገው በብዙ ቦታ መጻፋቸውን አመለከቱ፤ አል-በይሀቂ ግን ብዙ ኪታቦች አሏቸውና ከየትኛው እንዳገኙት ይንገሩን አሉ። አል-ቀስጠላኒ ኪታቡን ለይተው መናገር አልቻሉም። ሱዩጢም ቃሉ የተገኘው ከእኔ ኪታብ ነውና «ሱዩጢ ከበይሀቂ እንደ ጠቀሰው» ብለው መጻፍ ይገባቸው ነበር አሉ። በኋላም አል-ቀስጠላኒ የወንድማቸውን ልብ ለማስደሰት ከካይሮ ተነሥተው፣ ሱዩጢ ተገልለው እስከሚኖሩባት እስከ አር-ረውዳ ድረስ በባዶ እግራቸው ሄዱ። አር-ረውዳ በአባይ ወንዝ መካከል ያለች ደሴት ናት፤ ከእኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውሃ በዳርቻዋ ያልፋል። በሩን አንኩዋኩተው ማንነታቸውንና የመጡበትን ነገር በተናገሩ ጊዜ፣ ሱዩጢ ልባቸው እንደ ታረቃቸው ከውስጥ ሆነው መለሱ፤ በሩን ግን አልከፈቱም ይባላል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማር። አንደኛ፣ የቀረበው ክስ ቃልን ስለ መፍጠር ወይም ሙሉ ኪታብ ስለ መገልበጥ አይደለም፤ በመካከል ያለውን አንድ አስተላላፊ ስለ መዝለል ብቻ ነው። ተማሪዎች ዛሬ በየጽሑፋቸው መጨረሻ ሳያዩዋቸው የሚደረድሯቸው የመጻሕፍት ስሞች በዚህ ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ምን ይሆኑ? ሁለተኛ፣ ትልቅ ዐሊም መሆን የሌላውን ሐቅ ከመመለስ አላዳነም፤ መመለሱም ትልቅነትን አልቀነሰም።

ጎረቤትህንም ተመልከት። በዚሁ በጎጃም ዋሸራ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት። የቅኔ ተማሪ በየጊዜው የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል እንጂ የሌላውን ሸምድዶ አይቀርብም። በሃይማኖት ብንለያይም፣ የዚህ አገር ሰው ዕውቀትን በላብ እንጂ በግልበጣ እንዳልፈለገ ይህ ምስክር ነው።

ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ማርክ ቢያገኝ ማንን ጎዳ?» ይላል። መልሱን በቅርብ ዘመን አይተነዋል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ፣ ያልሰረቁትም ተማሪዎች ከሰረቁት ጋር ዳግመኛ ለመፈተን ተገደዱ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። የዚህ ሁሉ ምክንያት ኩረጃ ብቻ ነው አንልም፤ የመምህርና የመጻሕፍት እጥረትም አለና። ነገር ግን ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ማርክ ሁሉ የዕውቀት ልክ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አየ።

ከፈተና ያመለጠውም ሰው ከኑሮ አያመልጥም። የመመረቂያ ጽሑፉን ገዝቶ የተመረቀ የእርሻ ባለሙያ ወደ ገጠር ወርዶ በገበሬው ማሳ ላይ ይቆማል፤ ገበሬውም በሽታ የያዘውን በርበሬ ያሳየዋል፤ እርሱ ግን ምን እንደሚል አያውቅም። በኩረጃ ያለፈ ጤና ሠራተኛ የልጅህን መድኃኒት ይለካል። በኩረጃ ያለፈ መምህር የልጅ ልጅህን ያስተምራል። ወላጅ ሆይ! በልጅህ ወረቀት ላይ ያጎደልኸው ሚዛን ዞሮ ወደ ቤትህ ይመጣል።

የክልላችንም ሁኔታ ነገሩን ከባድ አድርጎታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ወደ ትምህርት የተመለሰው ልጅ ያመለጠውን ዓመት ሲያስብ ይቸኩላል፤ ሰይጣንም «ሌላው ሁሉ እየቀደመህ ነው፤ ገልብጠህ እለፍ» ይለዋል። ልጄ ሆይ! ያመለጠህ ዓመት ሐዘኑ ከባድ ነው፤ ጥፋቱም የአንተ አይደለም። ነገር ግን ግጭት ዓመትህን ከወሰደብህ፣ የቀረህን ዕውቀት ደግሞ አንተ በገዛ እጅህ አትጣለው። የተገለበጠ ገጽ ያመለጠውን ትምህርት አይተካም፤ ጉድጓዱን በጨርቅ ይሸፍነዋል እንጂ።

ከዚህ በደል የመራቂያው መንገድ

ልጄ ተማሪ ሆይ! «አትስረቅ» ብሎ መንገዱን ሳያሳዩ መተው ግማሽ ምክር ነው። ብዙ ተማሪ የሚሰርቀው ከክፋት ሳይሆን አጠቃቀሱን ካለማወቅ ነው። ስለዚህ ዑለማዎች የተዉልንን ሥርዐት ወደ አንተ ሥራ አምጥቼ በአምስት ክፍል አቀርብልሃለሁ።

አንደኛ፤ ቃሉን እንዳለ ስትወስድ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አግባው፤ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ገጹን ጻፍ። ሀዲስን በቃሉ ማስተላለፍ ማለት ይህ ነው። ጥቅስ ግን ጥቂት ይሁን፤ ወጥ በቅመም ይጣፍጣል እንጂ ቅመም ብቻ ወጥ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ሐሳቡን ብቻ ስትወስድ በራስህ አነጋገር ተናገረው፤ ባለቤቱንም ጥቀስ። ዑለማዎች ሀዲስን በትርጉሙ ማስተላለፍን ቋንቋውንና ሐሳቡን ለሚያውቅ ሰው የፈቀዱ ብዙዎች ናቸው። ታላቁ ሰሓባ አነስ ኢብን ማሊክ ሀዲስ ተናግረው በጨረሱ ጊዜ «ወይም እንደ ተናገሩት» የሚል ቃል ይጨምሩ ነበር፤ ቃሉ የእርሳቸው ማስታወስ እንደ ሆነ ሰው እንዲያውቅ ነው። ይህን በምሳሌ ላሳይህ። አንድ ጸሐፊ እንዲህ ጻፈ እንበል፤ «በርበሬ ተለቅሞ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታውም ለጤና ጎጂ የሆነ መርዝ ያመነጫል።» ተማሪው ደግሞ «በርበሬ ከተለቀመ በኋላ በሚገባ ሳይደርቅ ቢጠራቀም ይሻግታል፤ ሻጋታውም ጤናን የሚጎዳ መርዝ ይፈጥራል» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ የተሰረቀ በግ ጠጕሩን ሸልቶ መሸጥ ነው። በጉ ያው በግ ነው። ትክክለኛው መንገድ ግን መጽሐፉን መክደን፣ የተረዳኸውን ማሰብ፣ ከዚያም እንዲህ ማለት ነው፤ «እገሌ የተባሉት ጸሐፊ በዚህ ዓመት በዚህ መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ የበርበሬ ጉዳት መነሻው አደራረቁ ነው። እኔም በቡሬ ገበያ ሻጮችን ጠይቄ ብዙዎቹ በርበሬውን ስንት ቀን እንደሚያሰጡት መዝግቤአለሁ።» እዚህ ላይ የእርሳቸው ድካም ለእርሳቸው ተመለሰ፤ ያንተም ድካም ታወቀ።

ሦስተኛ፤ ያላየኸውን እንዳየህ አትጥቀስ። ዑለማዎች ከመምህር ሳይሰሙ በጽሑፍ ብቻ ያገኙትን «በእገሌ የእጅ ጽሑፍ አግኝቻለሁ» ይሉ ነበር እንጂ «ሰምቻለሁ» አይሉም፤ ይህንም ዊጃዳ ብለው ጠሩት። አንተም የአንዱን ቃል ከሌላው መጽሐፍ ካገኘኸው «እገሌ እንደ ጠቀሰው» በል። ከኢንተርኔት ገጽ ካገኘኸውም ገጹንና ያየህበትን ቀን ጻፍ። ከሽማግሌ ከሰማኸውም «ከእገሌ ሰማሁ» በል፤ የገጠር አዛውንት ቃል ባለቤት የሌለው አይምሰልህ።

አራተኛ፤ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ምንጭ ለመፈለግ አትጨነቅ። ዓባይ ከግሽ ዓባይ እንደሚነሣ፣ ቡሬ በምዕራብ ጎጃም እንዳለች ለመናገር ምስክር መጥራት አያስፈልግህም። አንድ ሰው መርምሮ የደረሰበትን ቍጥር፣ ያቀረበውን ሐሳብ፣ የሣለውን ካርታ ወይም ያነሣውን ፎቶግራፍ ግን ያለ ስሙ አትውሰድ። ከተጠራጠርህ ጥቀስ፤ አብዝቶ የጠቀሰ ሌባ አይባልም።

አምስተኛ፤ ሲያነቡ መመዝገብን ልማድ አድርግ። ብዙ ኩረጃ የሚወለደው በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ነው፤ ጊዜ ያለቀበት ሰው የሌላውን በር ይገፋልና። ከመጽሐፍ የገለበጥኸውን በአንድ በኩል፣ የራስህን ሐሳብ በሌላ በኩል ለይተህ ጻፍ፤ የገጹንም ቍጥር ያን ጊዜውኑ አስፍር። በኋላ የትኛው የማን እንደ ሆነ አይጠፋህም።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻት ጂፒቲ የተባለውና ከእርሱ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች በደቂቃ ውስጥ ድርሰት አዘጋጅተው ያቀርባሉ። ስለ እነዚህ ፍርዱ ከላይ ከተናገርነው አይለይም። ያልገባህን እንዲያስረዳህ ብትጠይቀው፣ መምህርህም ቢፈቅድ፣ መጠቀምህንም ብትገልጥ ነውር የለበትም። ያዘጋጀውን ወስደህ «እኔ ጻፍሁ» ካልህ ግን የሐሰት ምስክርነቱ ያው ነው። በዚያም ላይ ይህ መሣሪያ ያልተጻፈ መጽሐፍና ያልነበረ ደራሲ ፈጥሮ የሚጠቅስበት ጊዜ አለ። ኢስናዱ የማይታወቅ ወሬ አስተላላፊ ነውና፣ ሳትመረምር አትቀበለው።

ለወላጆች፣ ለባለ ሱቆችና ለመምህራን

አባት ሆይ! ልጅህ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማሠራት ገንዘብ ሲጠይቅህ ለምን እንደ ሆነ ሳትጠይቅ አትስጥ። በሐላል ንግድ የለፋህበትን ገንዘብ ለሐራም ሥራ ከፋይ አትሁን። «የወረቀትና የማተሚያ ነው» ቢልህ ጽሑፉን አስመጥተህ «ይህን አስረዳኝ» በለው። ማንበብ ባትችል እንኳ ጠይቀው፤ የደከመበት ሰው ሳይጨነቅ ይናገራል፤ የገዛው ግን ዓይኑን ይሰብራል። ማርኩ ዝቅ ቢል አትቆጣው፤ በእውነት ያገኘው 60 በውሸት ካገኘው 90 ይበልጣልና። ልጆች የሚሰርቁት ብዙ ጊዜ የአባታቸውን ቁጣ ፈርተው ነው።

እናት ሆይ! ልጅሽ በቁርኣን ቤት ሉሁን በገዛ እጁ እንዲጽፍ፣ በገዛ አንደበቱም እንዲቀራ እንደምትጠብቂ፣ በትምህርት ቤት ሥራውም እንዲሁ ጠብቂ። ሌላ ልጅ ቀርቶለት «ኸተምሁ» ቢል በደስታ እልል እንደማትይለት እወቂ።

ኮምፒዩተርና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለህ ወንድሜ ሆይ! ወረቀት መተየብ፣ ማተምና መጠረዝ ሐላል ሥራ ነው፤ አላህ ይባርክልህ። በቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለና፣ ተማሪ ወደ በርህ መምጣቱ አይቀርም። ያለፈውን ዓመት ተማሪ ጽሑፍ በኮምፒዩተርህ አስቀምጠህ ለዘንድሮው መሸጥ ግን የሰውን አደራ መሸጥ ነው። ከዚያ የምታገኘው ብር በመሳቢያህ ካለው ሐላል ገንዘብ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚያደርገው አንተ ታውቃለህ።

መምህር ሆይ! ሳታነብ ማርክ አትስጥ። ተማሪው ወረቀቱ እንደማይነበብ ካወቀ ለማን ብሎ ይጽፋል? በየዓመቱ አንድ ዐይነት ጥያቄ አትደጋግም፤ ስለ ቀያቸው፣ ስለ ገበያቸው፣ ራሳቸው ሄደው ስለሚያዩት ነገር ጠይቃቸው። የቡሬን ገበያ ራሱ ካልጠየቀ በቀር የቡሬን ገበያ የሚገለብጥበት ቦታ አያገኝምና። በጥያቄህም ፊት ለፊት አናግረው፤ የቀደሙት መምህራን ተማሪውን ፊታቸው አስቀምጠው ያስነብቡት እንደ ነበር አስብ።

ስለ ተውባ

ቀድሞ ይህን የሠራህ ሰው ሆይ! ይህን ስታነብ ልብህ ቢወቅስህ፣ ወቀሳው የኢማን ምልክት ነውና ተስፋ አትቁረጥ። ነገር ግን የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ በምላስ ብቻ እንደማይፈጸም ዕወቅ። ሥራውን መተው፣ በሠራኸው መጸጸት፣ ዳግመኛ ላለመመለስ መቍረጥ ይገባሃል፤ የሰውንም ሐቅ መመለስ አለብህ። ጽሑፉ ገና በእጅህ ካለ ምንጩን ጻፍበት። አስረክበኸው ማርኩ ካልተሰጠ፣ ወደ መምህርህ ሄደህ እንደ ገና ልጻፈው በል። ከተመረቅህና በሥራ ላይ ካለህ፣ በኩረጃ የዘለልኸውን ትምህርት ዛሬ ተማረው፤ የምታገለግለው ሕዝብ ያ ዕውቀት አለው ብሎ አምኖብሃልና፣ የእርሱ ሐቅ በአንገትህ ላይ ነው። ያፈርህ እንደ ሆነ፣ በባዶ እግራቸው ወደ አር-ረውዳ የሄዱትን ዐሊም አስብ። የዛሬ ኀፍረት የትንሣኤን ቀን ኀፍረት ያቀልላል።

አላህ ሆይ! የልጆቻችንን ብዕር ከሐሰት ጠብቅልን። የማያውቁትን «አናውቅም» የሚሉበትን ድፍረት፣ ከሌላ የተማሩትን «ከእገሌ ተማርን» የሚሉበትን ትሕትና ስጣቸው። የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች በሰላም ክፈትልን፤ በየቤታቸው የቀሩትንም ልጆች ወደ ገበታቸው መልስልን። በሚዛናችንም በወረቀታችንም ታማኞች አድርገን። ያስተማሩንን፣ የጻፉልንን፣ ስማቸውንም የማናውቃቸውን ባለ ውለታዎቻችንን ሁሉ በእዝነትህ አስባቸው። ኣሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።